ባዶ የምትቀረው መስመር

እኛ ጋ ከቢቸና እስከ ሞጣ ሰው በቁሙ ስለ ሞቱ ሲያወራ "አታሟርት" ይባላል። የሕይወት መድን ፎርም ግን "ተጠቃሚ" የምትል መስመር አለችው። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ይቺን መስመር ዝም ብሎ ከማለፍ ነው።

ቢቸና የሚሠሩ አጎቴ መሥሪያ ቤታቸው የሕይወት መድን ሲገባላቸው መስመሯን ባዶ ትተዋታል። "ለምን ጋሼ?" ብላቸው፣ "ሚስትና ልጆች እንዳሉኝ አገር ያውቃል፤ ሌላ ማን ሊወስደው?" አሉኝ።

አገር ቢያውቅም ሕጉ የራሱ መንገድ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 827 እንደሚለው፣ ሟቹ ተጠቃሚውን ካልወሰነ ወይም "ለወራሾቼ" ብሎ ብቻ ካለፈ ገንዘቡ ከውርሱ ይቀላቀላል። ያኔ ዕዳ ካለ ቅድሚያ ለዕዳው ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት መመላለስም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ኑዛዜ ከሌለ ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ልጅ ከሌለ የሟቹ ወላጆች። ሚስት ከጋራ ንብረቱ ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ከወራሾች ተራ የለችበትም። ስሟ ከተጻፈ ግን ገንዘቡ የውርስ አካል ሳይሆን ለራሷ ይደርሳታል።

"ስም መጻፍ ሞትን መጥራት ነው" ለሚሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። እድር ስንገባ ቤተሰባችንን የምናስመዘግበው ለሠርግ ነው እንዴ? በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይስ የባልና የሚስት ስም ከነፎቷቸው ጎን ለጎን ሰፍሮ የለም? ሙከራው ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የኛው የምሥራቅ ጎጃሙ ማቻከል ነው። ባል ሲሞት "መሬቱ የማን ነው?" ብሎ ለሚመጣ ዘመድ ደብተሩ መልስ አለው። የመድኑ ወረቀትም እንዲሁ መልስ ይኑረው ነው የምለው።

አንዳንዱ ደግሞ ላጤ እያለ "ለእናቴ" ብሎ ይሞላል። ደግ አደረገ። በኋላ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ወረቀቱ ግን እዚያው የላጤ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እናትንም ሚስትንም ልጆችንም በየድርሻቸው መጻፍ እየተቻለ አንዷን ከሌላዋ ማጣላት ለምን አስፈለገ?

ስለዚህ ፎርም የሞላችሁ ሁሉ ቅጂውን አውጥታችሁ እዩት። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ከነድርሻው ይጻፍ፤ ትዳር ሲመሠረት፣ ልጅ ሲወለድ፣ ፍቺ ሲመጣ ይታደስ። ስም መጻፍ ሞትን አይጠራም፤ አለመጻፍ ግን በለቅሶ ቤት ጠብ ይጠራል።

ቸር ይግጠመን!