የሳምንቱ ምክር፦ ሊያድን የሄደ ሰው እንዳይቀበር

ጎረቤት ሲጮህ ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም። አካፋና ዶማ ይዞ መሮጥ የአገራችን ልማድ ነው። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን መሮጥ ብቻውን አይበቃም። ለምን ቢባል፣ በጎፋ ዞን የደረሰውን እናስታውስ።

ጎፋ ከወላይታ ብዙ አይርቅም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ተራራው ተናደ። ጥቂት ቤቶች ተቀበሩ። የአካባቢው ሰው ሰምቶ ደረሰ። ገበሬው፣ መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀሩ መጡ። አፈሩን ይቆፍሩ ጀመር። በዚህ መካከል ተራራው እንደገና ተናደ። ሊያድኑ የመጡትንም ቀበራቸው። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ክረምት በወላይታም፣ በካዎ ኮይሻ ወረዳ፣ ናዳ ሰው ገድሏል።

ናዳ ለምን ይደግማል? ዝናብ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። አፈሩ ይከብዳል፤ ይላላል። የታችኛው አፈር ተንዶ ሲሄድ የላይኛው ደጋፊ ያጣል። ስለዚህ አንዱን ናዳ ሌላ ሊከተለው ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. አንድ ሰው ጠባቂ ይሁን። ከናዳው መንገድ ወጥቶ ከጎን ይቁም። ዓይኑን ከተራራው ላይ አይንቀል። መሬት ሲሰነጠቅ፣ ድንጋይ ሲንከባለል፣ ዛፍ ሲያዘነብል ካየ ፊሽካ ይንፋ። ያን ጊዜ ሁሉም ዶማውን ጥሎ ወደ ጎን ይሩጥ። ወደ ታች አይሩጥ።

2. ጥቂት ሰዎች ብቻ ይቆፍሩ። ሌሎቹ ርቀው ይቁሙ። ተራ በተራ ይተካኩ።

3. ለመቆፈር የሚገባውን ሰው ስም ጻፉ። ሲወጣ ከስሙ አጠገብ ምልክት አድርጉ። አደጋ ቢደርስ ማን እንደጎደለ ወዲያው ይታወቃል። እናንተ የተማራችሁት ፊደል እዚህ ላይ ነፍስ ያድናል።

4. በየጊዜው ሥራ አቁማችሁ ዝም በሉ። ከአፈሩ ሥር የሰው ድምፅ እንዳለ አድምጡ።

5. አንድ ሰው ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ኬላ ፈጥኖ ይላክ።

ለዋሻና ለጉድጓድም ነገሩ ያው ነው። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ሊበከል ይችላል። አንዱ ገብቶ ዝም ሲል ወንድሙ ተከትሎ ይገባል። ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ጉድጓድ የሚገባ ሰው አስቀድሞ በገመድ ይታሰር። ቢደክም ከላይ ያሉት ይጎትቱታል። ሌላ ሰው ተከትሎት አይግባ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ፈቃደኞቹን ዝናቡ ሳይመጣ፣ በበጋ ምረጡ። ማን ይጠብቃል? ማን ይቆፍራል? ማን ይጽፋል? ገመዱና ፊሽካውስ በማን ቤት ይቀመጣል? ይህን አሁኑኑ ወስኑ።

ለመወያያ፦
በቀበሌያችሁ ናዳ የሚያሰጋው ቦታ የቱ ነው?
ፊሽካ ሲነፋ ወዴት ትሮጣላችሁ?