የኮምቦልቻ የነዳጅ ጎተራ

ዮሴፍ በግብፅ ምድር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸቱና በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ሕዝብን ከሞት ማዳኑ፣ በደሴ አብያተ ክርስቲያናት በዮሴፍ፣ በመስጊዶቿም በዩሱፍ ስም ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው፤ ወሎም ጎተራ ባዶ ሲሆን የሚመጣውን መከራ በገዛ ሥጋው ያየ አገር ስለ ሆነ፣ ስለ መጠባበቂያ የሚነገረው ቃል ከሁሉ ይልቅ ይገባዋል።

ዛሬ ይህን ያነሣነው ስለ ነዳጅ ነው። የአገሪቱን ነዳጅ ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው መንግሥታዊው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት በኮምቦልቻ የመጠባበቂያ ዴፖ አለው፤ ሥፍራውም የተገባ ነው፤ ከባሕር በሚሌና በባቲ የሚመጣው መንገድ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባት ከተማ ኮምቦልቻ ናትና። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የአሰብን በር ከዘጋ ወዲህ ቦቴው የሚመጣው ከጅቡቲ በጋላፊ ቢሆንም፣ ከሚሌ በኋላ ያለው መንገድ ያው የጥንቱ ነው።

በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸው፣ በዚያው ዘመን የወሎ ወገናችን በረኃብ ማለቁ፣ ሁለቱ ተባብረው የዘውዱን መንግሥት ማናወጣቸው አይዘነጋም። ከዚያ ድንጋጤ የተማሩት የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ አባላት ከውጭ ለሚገዙት ነዳጅ የ90 ቀን መጠባበቂያ ለመያዝ ቃል ተጋብተዋል።

በዴፖ የተቀመጠ ነዳጅ የታሰረ ገንዘብ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ባጠረበት ዘመንም ከባድ ሸክም ይሆናል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የባጃጅ ነጂው ከማደያ ሰልፍ ሲያድር፣ ናፍጣ ያጣው ገበሬ ውሃ መሳቢያው ሲቆም፣ የጄሪካን ቸርቻሪ በጥቁር ገበያ ዋጋውን ሲያንር፣ ድርጅቱ ያተረፈ የመሰለውን ወጪ ድኃው ከኪሱ ይከፍለዋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በካሉብ የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ መመረቁ ደስ ቢያሰኘንም፣ ከምድራችን የሚወጣውም ሀብት ቢሆን ማኖሪያ ካልተሰናዳለት ለክፉ ቀን አይደርስም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፤ ድርጅቱ የስልቱን መሠረት በመጠባበቂያ ላይ ይጣል፣ የዓለም ዋጋ ሲረክስ እንደ ዮሴፍ ይሰብስብ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋውና መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት ያሳለፈው የባቡር ሐዲድም ሥራ ሲጀምር ነዳጅ ጫኝ ፉርጎዎች እስከ ዴፖው ደጃፍ እንዲደርሱ ከወዲሁ ይታሰብበት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በኮምቦልቻ ዴፖ ያለው ነዳጅ አካባቢውን ስንት ቀን እንደሚያቆይ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር፤ የጎተራው ባለቤት ሕዝብ ነውና፣ በውስጡ ያለውን ማወቅ ይገባዋል።