በሰው ሰዓት መክበር

«ሀብታሙም ድሃውም በቀን የተሰጠው 24 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው።» ይህን ያለው ካምፓላ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ቅጥር ሥራቸውን ሳይለቁ ጎን ለጎን ንግድ መጀመር ለሚፈልጉ ሰዎች የጊዜ አጠቃቀም ሊያስተምር የቆመ አሰልጣኝ ነው። ስሙን አልጠራም፤ በየወሩ ሰውየው ይለወጣል እንጂ ንግግሩ ያው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ግን ንድድ አደረገኝ። በዚያ ላይ አርፍዶ ነው የመጣው፤ የጂንጃ መንገድ መጨናነቅ ይዞት ነው አሉ። መጨናነቁ እሱን ሲይዘው ይቅርታ ያሰጣል፤ እኛን ሲይዘን «የዕቅድ ጉድለት» ይባላል።

የቀረውን ትምህርት አንባቢ ያውቀዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ፣ የቀኑን ሥራ በደብተር ጻፉ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ካናዳዊው ሮቢን ሻርማ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ ሰዓት ተነሺዎች «ክበብ» መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ በሌሊት መነሳት እንደ አዲስ ሃይማኖት ተይዟል። ከሙኮኖ ወይም ከጋያዛ ተነስታ መሃል ካምፓላ ቢሮ የምታጸዳው ሴትዮ ግን በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ናት። ታክሲው 14 ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ እሷም ተቀምጣ ትጠብቃለች። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ጀምሮ የክበቡ አባል ናት። እስካሁን አልከበረችም። አሰልጣኙ በዚህ ላይ ምን እንደሚል መስማት በፈለግሁ፤ ግን እሷን ማንም ወደዚያ አዳራሽ አይጋብዛትም፣ መግቢያውም ከደመወዟ በላይ ነው።

ነገሩ ይኸውና ቀላል ነው። አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ተቀምጦ ሱቁ ክፍት ከሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ማነው? ስንት ይከፈለዋል? መቼ ይተኛል? ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ጊዜ በተወራበት አዳራሽ ይህ ጥያቄ አንዴም አልተነሳም። ተሰብሳቢው የጻፈው የራሱን ሰዓት አከፋፈል ነው፤ የሚከፋፍለው ግን የሌላውን ነው።

በየመንደሩ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀቡትን የሞባይል መኒ ኪዮስኮች ተመልከቱ። ብዙዎቹ የደመወዝተኛ የጎን ሥራ ናቸው። ባለቤቱ ባንክ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ነው የሚውለው፤ ማታ መጥቶ ሂሳብ ይዘጋል። ውስጥ የምትቀመጠው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን ከተቀመጠች በሳምንት 98 ሰዓት ይሆናል። የዩጋንዳ የሥራ ቅጥር ሕግ (እ.ኤ.አ. 2006) የሚያውቀው መደበኛ የሥራ ሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሂሳቡ ከጎደለ ደግሞ ከእሷ ይቆረጣል። እንግዲህ የጊዜ አጠቃቀም ተብሎ የሚጨበጨብለት ይህ ነው።

ደመወዟስ? የዩጋንዳ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል እ.ኤ.አ. በ1984 የተቆረጠው በወር 6,000 ሽልንግ ነው። ያ ገንዘብ ዛሬ መንገድ ዳር ሁለት ወይም ሦስት ሮሌክስ ቢገዛ ነው፤ አሰልጣኙ እጁ ላይ የሚያጠልቀውን ሳይሆን በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል ማለቴ ነው። በወቅቱ የሠራተኞች ተወካይ በነበሩት የምክር ቤት አባል በአሪናይትዌ ርዋካጃራ የቀረበው አዲስ የዝቅተኛ ደመወዝ ረቂቅ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በምክር ቤቱ አልፎ ነበር። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ አልፈርምም ብለው መለሱት። በእርግጥ 6,000 ሽልንግ ቆጥሮ የሚከፍል አሠሪ አላውቅም። ሕግ ግን የረባ ወለል ካላበጀ ደመወዙን የሚወስነው የአሠሪው ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ በወር መጨረሻ ይሳሳል። የካምፓላ የጎን ሥራ የቆመው በዚህ በረከሰ ሰዓት ላይ እንጂ በማለዳ መነሳት ላይ አይደለም።

እዚህ አገር «የስልክ ገበሬ» የሚባል ሰው አለ። በሥራ ቀን ናካሴሮ ቢሮው ሆኖ ሉዌሮ ያሉት ዶሮዎቹ እንዴት እንዳደሩ በስልክ ይጠይቃል፤ ቅዳሜ ቦት ጫማ አጥልቆ ፎቶ ይነሳል። ከዶሮዎቹ ጋር የሚያድረው ልጅ ፎቶው ላይ የለም።

«በሥራ መሃል የምትገኘውን ክፍተት ተጠቀሙ» የምትለው የአሰልጣኙ ምክር ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች። ክፍተቷ የማን ናት? የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 የዩጋንዳን ትምህርት ቤቶች ሳያስታውቅ ሲጎበኝ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመምህራኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በማስተማሪያ ሰዓታቸው ክፍል ውስጥ አልተገኙም። ሁሉም ንግድ ላይ ነበሩ አልልም። ግን ካምፓላ የኖረ ሰው ቻፓቲ የሚያስጋግር፣ ቦዳ (የታክሲ ሞተር ብስክሌት) ገዝቶ የሚያከራይ፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁ የሚገኝ መምህር አያጣም። መምህሩንም አልፈርድበትም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ደመወዝ ወደ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ሲያሳድግ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ መምህሩን በነበረበት ተወው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መምህራኑ ሥራ አቆሙ። እንዲህ ያለ ሰው ንግድ የሚጀምረው «ህልሙን ለመከተል» አይደለም፤ የቤት ኪራይ ስላለበት ነው። ሂሳቡን ግን ከፊቱ የተቀመጠው ሕፃን ይከፍላል። አሰልጣኙ ይህንን «ብልህነት» ይለዋል።

አሰልጣኞቹ አንድ የሚያወድሱት ሰነድም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ዩጋንዳን በሥራ ፈጣሪነት ከዓለም አንደኛ አድርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ሳይጠቀስ ስልጠና አይከፈትም። አንድ ደመወዝ ወር የማያደርስበት አገር ውስጥ ሰው ሁሉ ነጋዴ ቢሆን ምን ይገርማል? ርሃብን እንደ ተሰጥኦ መቁጠር ይሉሃል ይህ ነው።

ወደ እኛው ሰፈር ስመለስ ነገሩ ይብሳል። በካባላጋላና በካንሳንጋ፣ የጋባን መንገድ ይዞ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ሚኒ ማርኬትና የፀጉር ቤት ሞልቷል። ከባለቤቶቹ ጥቂት የማይባሉት ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። «እንዴት ቻልከው?» ስትላቸው ስለ ትጋት ይነግሩሃል። ጓዳ ብትገባ ግን ምጣዱ ላይ የቆመች ልጅ ታገኛለህ። «የአክስቴ ልጅ ናት፣ ፕሮሰሷ እስኪያልቅ እየረዳችኝ ነው» ይልሃል። ወደ ሦስተኛ አገር መሄጃው ፕሮሰስ ዓመት ይፈጃል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እሷ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታስተናግዳለች፣ ማታ ቤት ገብታ የእሱን ልጆች ታጥባለች። ዘመድ ስለሆነች ደመወዝ የላትም፤ ዘመድ ስለሆነች እረፍትም የላትም። «ጋሼ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ?» ለማለት ከሐሙስ ጀምራ ድፍረት ታጠራቅማለች። እሱ ደግሞ በዚያች እሑድ ስልጠና ላይ ነው፤ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያብቃቃ ሊማር።

የዩጋንዳ የስደተኞች ሕግ (እ.ኤ.አ. 2006) እንደ እሷ ያለ ስደተኛ ተቀጥሮ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ አገሩ ያልከለከላትን ደመወዝ የከለከላት ወገኗ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁም ብዙ አትሳቁ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ከደነገገ ዓመታት አለፉ፤ እናንተም ቢሮ ስትውሉ ሱቃችሁን የምትጠብቀው ልጅ ስንት እንደምታገኝ ታውቃላችሁ።

የጎን ሥራ አትሥሩ አልልም። ኑሮው እንደማያስቀምጥ እኔም አውቃለሁ። ዘዴም፣ ሰንጠረዥም፣ ባለ ሰባት ነጥብ ምክርም የለኝም፤ እሱን ከሆቴል አዳራሽ ትገዙታላችሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ሰዓት የቆመውን ንግድ በራሴ ትጋት አቆምኩት አትበሉ። ልጅቷን ቅጠሯት። ደመወዟን በወር ቁረጡላት፣ በጽሑፍ ይሁን፣ እሑዷን ልቀቁላት። ይህን ከፍሎ የማይተርፍ ሱቅ ካላችሁ እሱ ንግድ አይደለም፤ ዝጉት።