የሐይቅ ካርዶች፦ «ይችላል» እና «አለበት»

ቤታችሁ ውስጥ «አጭበርብሯል!» የሚል የልጅ ጩኸት ተሰምቶ የሚያውቅ ከሆነ የዚህ ወር ጨዋታችን እናንተንም ይመለከታል።

አንድ ክረምት ልጄን ይዤ እህቴ ዘንድ ሐይቅ ሰነበትኩ። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ስሟን ካወረሳት ውኃ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ልጄ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ 9። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላቸው ልጄ ከቦርሳው ውጭ አገር ያለው አጎቱ የላከለትን የጨዋታ ካርዶች አወጣና ለእሷም ከፍሎ ሰጣት። ስድስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ስድስቱንም ጊዜ እሱ አሸነፈ። በሰባተኛው «እኔ አልጫወትም» ብላ ካርዶቹን መለሰችለትና እናቷ ጉያ ገባች።

ጠጋ ብዬ ሳይ የሰጣት እሱ የማይፈልጋቸውን ትርፍራፊ ካርዶች ነው። ጽሑፉም እንግሊዝኛ ስለሆነ ሕጉን የምታውቀው እሱ ሲነግራት ብቻ ነበር። እህቴ ምንም አላለችም፤ ፊቷ ግን ብዙ ተናግሯል።

እነዚህን ካርዶች ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ከለመድነው ካርታ የሚለዩት እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ሥዕል፣ የራሱ ዋጋና የራሱ ሥራ ስላለው ነው። ተጫዋቹ ካሉት ካርዶች መርጦ ጥቅል ያዘጋጅና ከሌላው ጥቅል ጋር ይጋጠማል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የሚለውን ካወጣ በኋላ ነው። በ1996 ጃፓን ውስጥ የፖኬሞን ካርድ ተከተለ። ካርዶቹ በታሸገ ፓኬት ስለሚሸጡ ውስጡ ምን እንዳለ አስቀድሞ አይታወቅም። ብዙ የገዛ ብዙ ይመርጣል። ምንም ያልገዛ ደግሞ የተረፈው ይደርሰዋል፤ እንደ እህቴ ልጅ።

የጨዋታዎቹ ወዳጆች ግን አንድ ደስ የሚል ልማድ አላቸው። የተሸጠላቸውን ብቻ ከመጫወት ይልቅ የራሳቸውን ካርዶች ከነአዲስ ሕጋቸው ይፈጥራሉ። ልጄም ደብተሩን በእንዲህ ያለ ሙከራ ሞልቶት ነበር። እናም «እሷም ልታሸንፍህ የምትችልበትን ሥራ፤ በአማርኛ» አልኩት። አኮረፈ፣ ቀጥሎ ግን እርሳስ ፈለገ።

ከሽምብራ እንጀምር

የመጀመሪያው እንቅፋት እናቴ ነበረች። «ካርታ ነው? እኔ ባለሁበት ቤት ቁማር የለም!» አለች። ስጋቷ መሠረት የለውም አልልም። «ማጂክ» ራሱ ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርድ እንዲያስይዝና ያሸነፈው እንዲወስድ የሚል ሕግ ነበረው፤ ኋላ ቀርቷል። ልጆቹ ገንዘብም ካርድም እንደማይያዝ ቃል ገቡላት። መቁጠሪያ የሚሆን አንድ ስኒ ሽምብራ የሰጠቻቸውም እሷ ናት።

የጫማ ካርቶን ቆርጠው 40 ካርድ አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዳቸው 20። ከላይ በጥጉ ዋጋው፣ ከታች ጉልበቱ ተጻፈ። ዋጋው የሚከፈለው በሽምብራ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 10 ጉልበት ያለው ንጉሥ አለው፤ በተመታ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ባዶ ሲሆን ይወድቃል።

አጀማመሩን ከአገራችን ሠንጠረዥ ወሰዱት። በድሮው የኢትዮጵያ ሠንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸው ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ተራ በተራ መሆን ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያ ክፍል ወረራ ይባላል። በልጆቹ ጨዋታም ሁለቱም 6 ሽምብራ ይዘው ያሻቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ ሲመታ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በየተራው 2 ሽምብራ ይታደላል። የልጄ እጅ ፈጣን ስለሆነ ሕጉ የሚጠቅመው እሱን ብቻ መስሎኝ ነበር። ትንሿ ግን ዘዴውን ቶሎ አገኘችው፦ እሱ አሰልፎ ሳይጨርስ በአንድ ካርድ መታ አድርጋ ወረራውን ታስቆመዋለች።

ግሸን ላይ የታሰረው ካርድ

የልጄ ኩራት «አምባ ግሸን» የሚለው ካርድ ነበር። 2 ሽምብራ ብቻ ይከፈልበታል፤ የተጋጣሚን አንድ ካርድ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ያስራል። ሦስት ቅጂ ሠርቶ ሦስት ምርጥ ካርዶቿን አሰረባት። ልጅቷ እንደገና ወደ ማዕድ ቤት ሄደች።

«ዋጋውን ጨምር» አልኩት። 5 አደረገው። ለውጥ አልመጣም። ካርዱ ውድ ቢሆንም የታሰረበት ሰው ምንም የሚያደርገው ነገር የለም፤ ተራውን እየጠበቀ ሲሸነፍ መመልከት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ጨዋታን ይገድላል።

መፍትሔው የመጣው አስተማሪ ከሆነው ከእህቴ ባል ነው። «ግሸን ላይ የታሰረ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። ዛሬ ለግሸን ማርያም ንግሥ የምንወጣበት፣ መስቀል ቅርጽ ያለው የአምባሰል ተራራ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። በሥልጣን እንዳይዋጉ ተብሎ ነው። ንጉሡ ሲሞት ግን ከመካከላቸው የተመረጠው ከአምባው ወርዶ ይነግሥ ነበር። ልማዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ ቆይቷል።

ልጄ ካርዱን ገልብጦ አዲስ ሕግ ጻፈ፦ «የታሰረው ካርድ አይዋጋም። ንጉሡ ሲወድቅ ግን ከአምባው ወርዶ በራሱ ጉልበት ይነግሣል።» ወራሽ የሌለው ንጉሥ ሲወድቅ ጨዋታው ያልቃል፤ ወራሽ ካለ ይቀጥላል። አሁን የሰውን ጠንካራ ካርድ ማሰር ማለት ለዚያው ሰው ጠንካራ ወራሽ ማስቀመጥ ሆነ። እሱም ከማሰሩ በፊት ማሰብ ጀመረ።

ሐይቁ ሲመጣ

የእህቴ ልጅ ደግሞ የራሷን ካርድ ከአያቷ አገኘች። ማታ ቡና ሲፈላ እናቴ የሐይቁን አፈ ታሪክ አወራቻቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ዙሪያዋን ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነወዳጆቿ ሰጠመች፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረ። ያ መሬት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይባላል።

በማግስቱ «ሐይቅ» የሚለው ካርድ ተሠራ፤ ዋጋው 7 ሽምብራ። ጽሑፉ የሷ ነው፦ «ከንጉሦቹ በቀር ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ይሰምጣል። ትንሹ ይቀራል።»

«ለምንድነው ትንሹ የሚቀረው? ጠንካራው መቅረት አለበት እንጂ» አለ ልጄ።

«እማማ እንዲህ ነው ያሉት» አለችው። ክርክሩ በዚህ አበቃ። እኩል ትንንሽ የሆኑ ሁለት ካርዶች ቢኖሩስ? ሁለቱም ይቀራሉ ተባለ፤ ይህም ካርዱ ላይ ተጻፈ።

ሌላም ሞክረዋል። ልጄ አራቱን የአገራችንን ቅኝቶች ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የካርድ ወገን ሊያደርጋቸው አስቦ ነበር። የተሳካው ትዝታ ብቻ ነው፦ የተጣለ ካርድን ወደ እጅ ይመልሳል። ለሌሎቹ ስማቸውን የሚመጥን ሥራ ሲያጣላቸው ተዋቸው። ጥሩ አደረገ። ሥራ የሌለው ስም ካርዱን ከማሳመር አያልፍም።

የውጫሌ ጠብ

አሁን ወደ ጩኸቱ እንምጣ። በአራተኛው ቀን ልጄ ሊያሸንፍ ተቃርቦ ሳለ ልጅቷ ሽምብራዋን አጠራቅማ «ሐይቅ»ን ጣለች። የሱ ሠራዊት ሁሉ ሰጠመ። የቀረው 1 ጉልበት ያለው የሷ «የዓሣ አጥማጅ ጀልባ» ነው። የሱ ንጉሥም የቀረው 1 ጉልበት ብቻ ነበር። ልጄ በተራው ቶሎ ብሎ «ዘበኛ» የሚለውን ካርድ አሰለፈ። እሷ ግን ዘበኛውን አልፋ በጀልባዋ ንጉሡን መታችው።

«አጭበርብራለች! በዘበኛው በኩል ነው ማለፍ ያለብሽ!»

ልጅቷ ካርዱን አንሥታ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ንጉሡን የሚያጠቃ በዘበኛው በኩል ማለፍ ይችላል።» ከዚያም ቀና ብላ «ይችላል ነው የሚለው። እኔ አልፈለግሁም» አለችው።

አባቷ ከሣቁ የተነሣ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። «ለዚህ ጠብማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ውጫሌ እዚሁ መንገዳችን ላይ ናት» አለ። ውጫሌ ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአምባሰል ከተማ ናት። በዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ይናገር ነበር። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህን ግዴታ አደረገው፤ ኢጣልያም በዚሁ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ምኒልክ አልተቀበሉም። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ።

ልጄ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደፈለገ ገብቶኛል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያስቀመጥነውን ስምምነት አስታወስኩት፦ በጨዋታ መካከል ሕግ አይቀየርም። የተጻፈው እንደተጻፈ ይዳኛል፤ ስህተት ካለው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁለቱም ተስማምተው ያርሙታል። ስለዚህ አሸናፊዋ እሷ ነበረች።

ተነሥቶ በረንዳ ላይ ቆመ። እንባውን እንዳላየሁ ሆንኩ። ለራት ሲገባ ካርዱን አንሥቶ «ይችላል» የሚለውን ሰረዘና «አለበት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የቀሩትን 39 ካርዶች ሰብስቦ ልጅቷ ፊት አስቀመጠ። «ሁሉንም አንብቢልኝ። እንዲህ ያለ ሌላ ካለ አሳዪኝ» አላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሕግ መርማሪ ሆነች። ሦስት ስህተት አገኘችበት።

እናንተም ቤት

ይህን ልሞክር ለምትሉ ወላጆች ከሐይቅ ይዤው የመጣሁትን ላካፍላችሁ። የካርዱ መጠን 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለልጅ እጅ ይመቻል። በ40 ካርድ ጀምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሕጉ ይወሳሰብባቸዋል። ጠንካራ ካርድ ሁሉ ዋጋ ይኑረው። ዋጋ ብቻውን ካልበቃ ደግሞ ለተጎዳው ወገን አንድ መውጫ አብጁለት። «ይችላል»፣ «አለበት»፣ «አንድ» እና «ሁሉም» የሚሉትን ቃላት ሁለት ጊዜ አንብቧቸው። ሕግ ሲያወጡ ከሦስት ጨዋታ በፊት አይለውጡት። የሰፈራችሁን ተራራ፣ ወንዝና ተረት አያቶችን አስጠይቁ፤ ሥዕሉን ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉት። የኩባንያዎችን ሥዕልና ምልክት ገልብጦ መሸጥ ግን በሕግ ያስጠይቃልና አታስለምዷቸው።

ከሁሉም በላይ ሕግ የሚያወጣው ትልቁ ልጅ ከሆነ የሚያነብበው ትንሹ ይሁን። ልጄ በዚያ ሳምንት ብዙ ጊዜ ተሸንፏል፤ በራሱ ሕግ፣ በራሱ እጅ በተጻፈ ካርድ። የገዛቸው ካርዶች ግን እስክንመለስ ድረስ ከቦርሳው አልወጡም።

የካርቶኖቹን ካርዶች ለማን እንተው የሚለው ጥያቄ በመጨረሻው ቀን መጣ። ልጄ ሁሉንም ለእሷ ተወላት። እሷም አንድ ካርድ መርጣ መለሰችለት፦ ዘበኛውን።