ርእሰ አንቀጽ፦ ማን ተጠይቆ ነው?

ወደ ዝግጅት ክፍላችን በተከታታይ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዳንዶቹ የሚጠይቁን ነገር አንድ ነው። የማኅበራችን ምርጫ ከመድረሱ በፊት ይህች መጽሔት በየመኝታ ቤቱ ዞራ የተማሪውን አሳብ ትጠይቅና ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድማ በቁጥር ታውጣልን ይላሉ። ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱትም የአሜሪካንን አገር ነው። በዚያ የአንድ እስቴት አገረ ገዥ ሊመረጥ ሲል ዕጩዎቹ ከመቶ ስንት ስንት እንደሚያገኙ የሚናገር መጠይቅ በየጊዜው ይወጣልና፥ እኛስ ከማን እናንሳለን ነው ነገሩ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ምሳሌ የተደረገውን ነገር ውስጡን ሳይመረምሩ መቅዳት ለተማሪ የሚገባ ስላልሆነ፥ መልሳችንን ከመስጠታችን በፊት ስለ ሥራው የምናውቀውን በዚህ ገጽ ላይ ማስፈር ወደድን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከብዙ ሕዝብ ጥቂቱን ጠይቆ የብዙውን አሳብ ማወቅ ይቻላል የሚለው ነገር እውነት ነው። እህል ነጋዴ ጆንያውን ሙሉ ዘርግፎ አይመረምርም፤ እጁን ሰዶ አንድ እፍኝ ይዘግንና ጤፉ ማኛ ይሁን ሠርገኛ ይፈርዳል። ነገር ግን ብልህ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አይዘግንም፤ ሻጩ ነጩን ከላይ ነስንሶት እንደሆነስ? በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለውን የአሜሪካ መጽሔት ያገኘው ይኸው ነው። 10 ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ወረቀት በፖስታ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ እስቴቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻውን የለቀመው በአብዛኛው ከስልክ ደብተርና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መናገር አያሻም። በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ ለመመለስ የተጋው ሰው ካልመለሰው ሰው የተለየ ነበር። በዚያው ምርጫ ጆርጅ ጋለፕ እጅግ ያነሱ ሰዎችን በጥንቃቄ መርጦ በመጠየቅ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

እስከዚህ ያለው በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። የጤፍ ነጋዴው ጆንያ ከፊቱ ተገትሯል። የምርጫ ጠያቂው ጆንያ ግን ገና አልተሞላም። እርሱ ሊያውቅ የሚፈልገው የአገሬውን ሁሉ አሳብ ሳይሆን በምርጫው ቀን ወጥቶ ድምፅ የሚሰጠውን ሰው አሳብ ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ቀኑ እስኪመሽ ድረስ ማንም፥ አንዳንድ ጊዜም ሰውየው ራሱ፥ አያውቅም። በ2014 አሜሪካኖች የእንደራሴዎቻቸውንና የብዙ እስቴቶችን አገረ ገዥዎች ሲመርጡ ድምፅ የመስጠት መብት ካለው ሕዝብ ወጥቶ የመረጠው ከመቶ 36 ብቻ ነበር። ኒው ጀርሲና ቨርጂኒያ አገረ ገዥዎቻቸውን የሚመርጡት ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ስለሆነ በዚያም ብዙ ሰው ከቤቱ ይቀራል። እንግዲህ ጠያቂው ስልክ የመለሰለትን ሰው ሁሉ ቢቆጥር የማይመርጡትንም ጭምር ቆጠረ ማለት ነው። «ትመርጣለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ አብዛኛው ሰው «እንዴታ!» ይላል፤ አልመርጥም ማለት ያሳፍራልና።

ስለዚህ ወንፊት አበጁ። ፖል ፔሪ የተባለው የጋለፕ ድርጅት ባለሙያ በ1950ዎቹ ያሰናዳው ዘዴ ለብዙዎች አብነት ሆኖ ቆይቷል። ሰውየው ሰባት ያህል ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ስለ ምርጫው ምን ያህል አስበሃል፥ በሰፈርህ ድምፅ የሚሰጠው የት እንደሆነ ታውቃለህ፥ ከዚህ በፊት በዚህ ቀበሌ መርጠህ ታውቃለህ፥ ባለፈው ጊዜ መርጠሃል፥ ይህንና ይህን የመሰለውን ነው። ለየመልሱ ነጥብ ይሰጥና፥ ከሕዝቡ ግማሹ ያህል ይመርጣል ተብሎ ከተገመተ፥ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘው ግማሽ ይያዛል፤ የቀረው ግማሽ እንዳልተጠየቀ ይቈጠራል። ውጤቱም «ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የሚገመቱ መራጮች አሳብ» ተብሎ ይወጣል።

እስቲ ጥያቄዎቹን እንደገና እንመልከታቸው። በሰፈሩ ድምፅ የሚሰጥበትን ቦታ የማያውቅ ማን ነው? ወደ ከተማው አዲስ የገባ፥ ቤት ተከራይቶ በየዓመቱ የሚለቅ፥ ከትምህርት ቤት መኝታ ቤት የሚኖር ነው። ባለፈው ጊዜ ያልመረጠስ? ባለፈው ጊዜ ዕድሜው ያልደረሰ፥ ወይም ዜግነቱን ያገኘው ዘንድሮ የሆነ ነው። ጠያቂዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ለወጣቶች አንዳንድ ማስተካከያ ማድረጋቸውን አንክድም። ቢሆንም ወንፊቱ በጠቅላላው ሽማግሌውን፥ ባለቤቱን፥ ነባሩን አሳልፎ ወጣቱን፥ ተከራዩንና መጤውን እንደሚያስቀር ማንም አይስተውም።

ወንፊቱ ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያሳይ፥ እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ሙከራ በመስከረም 2016 በፍሎሪዳ የተደረገው ነው። «ኒው ዮርክ ታይምስ» የተባለው ጋዜጣ ከሲየና ኮሌጅ ጋር ሆኖ ካነጋገራቸው የፍሎሪዳ ሰዎች መካከል ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የተገመቱትን የ867 ሰዎች መልስ፥ ምንም ሳይነካ፥ ለሌሎች አራት ባለሙያ ቡድኖች ሰጠ። ሰዎቹ እነዚያው፥ መልሶቹ እነዚያው ናቸው። አንዱ ቡድን ክሊንተን በ4 ነጥብ ትመራለች አለ፤ ሌላው በ3፥ ሌላው በ1፤ አራተኛው ትራምፕ በ1 ነጥብ ይመራል አለ። ጋዜጣው ራሱ ክሊንተንን በ1 ነጥብ አስቀድሟል። ከላይ እስከ ታች የ5 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። ይህ ልዩነት በዕጣ የመጣ አይደለም፤ ጥያቄው ለጥቂት ሰዎች በመቅረቡ የሚከሠተው፥ በመጠይቆቹ ግርጌ «የስሕተት ወሰን» ተብሎ የሚጻፈውም ይህ አይደለም። የመጣው እያንዳንዱ ባለሙያ «መራጭ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው» ብሎ በራሱ ፍርድ ከመቁረጡና ሚዛኑን በዚያው ፍርድ ከማስተካከሉ ነው። በኅዳር ወር ትራምፕ ፍሎሪዳን ከ1 ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ብልጫ አሸነፈ።

ጋለፕ ራሱም በ2012 በገዛ ወንፊቱ ተጠልፏል። በመጨረሻው መጠይቁ የተመዘገቡትን መራጮች ሁሉ ሲቈጥር ኦባማ 49 ለ46 ይመራ ነበር፤ በወንፊቱ ካጣራቸው በኋላ ግን ሮምኒ 49 ለ48 ቀደመ። ኦባማ ወደ 4 ነጥብ በሚጠጋ ብልጫ አሸነፈ። ያልተጣራው ከተጣራው ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኘ ማለት ነው! ድርጅቱ በተከታዩ ዓመት አሠራሩን መርምሮ ወንፊቱን ከጥፋቱ ምክንያቶች እንደ አንዱ ቈጠረው፤ በ2016 ምርጫ ጊዜም ማን ይመራል ማን ይከተላል ከሚለው የፈረስ ግልቢያ ወጣ።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል እንኳ ማረሚያ ይገኝለት ነበር። የኒው ጀርሲን ነገር ተመልከቱ። በ2021 የአገረ ገዥ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ መጠይቅ አገረ ገዥ መርፊ ተፎካካሪውን ቺያታሬሊን በ11 ነጥብ እንደሚመራ ተናገረ፤ ልዩ ልዩ ወንፊት ሲጠቀምም ብልጫው ከ8 እስከ 14 ነጥብ ሆነ። መርፊ ያሸነፈው በ3 ነጥብ ገደማ ነው። የመጠይቁ ኀላፊ ፓትሪክ መሪ ወዲያው በጋዜጣ ወጥቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል፥ ከምርጫ በፊት የሚደረገው መጠይቅ ጨርሶ መቅረት ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ፤ ይህን ያህል ግልጽነት ከባለሙያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ2025፥ በዚያው እስቴት ያው ቺያታሬሊ ከሼሪል ጋር ሲወዳደር ብዙዎቹ መጠይቆች የሼሪልን ብልጫ ከ10 ነጥብ በታች አድርገው ነበር፤ እርስዋ ግን ከ13 ነጥብ በላይ በልጣ አሸነፈች። ያን ጊዜ የአንደኛውን ፓርቲ ደጋፊ አብዝተው ቈጠሩት፤ አሁን የዚያኑ ፓርቲ ደጋፊ አሳንሰው ቈጠሩት። በሁለቱ መካከል ያለው መራጭ ቤቱን አልለወጠም። ከቤቱ መውጣቱና አለመውጣቱ ግን ከምርጫ ወደ ምርጫ ሊለወጥ ይችላል።

ስልክ የማያነሣውን ሰው ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በስልክ ከሚፈልጋቸው ሰዎች መካከል በ1997 ከመቶ 36 ይመልሱለት ነበር፤ በ2018 ግን 6 ብቻ ሆኑ። በ2020 በዊስኮንሲን አንድ ታላቅ የጋዜጣና የቴሌቪዥን መጠይቅ ባይደንን በ17 ነጥብ ሲያስቀድም የእውነተኛው ብልጫ ከ1 ነጥብ በታች ሆኖ የተገኘው መልስ የሰጠው ሰው ካልሰጠው እንደሚለይ ስለዘነጉ ብቻ ነው አንልም፤ የባለሙያዎቹ ማኅበር ራሱ ያን ዓመት መርምሮ ምክንያቱን ለይቼ መናገር አልቻልሁም ብሏል።

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ጣጣ ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ ባላባከንንበት ነበር። ነገሩ የሚከብደው ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ሥራ መሥራት ስለሚጀምር ነው። ዕጩው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያፈሰው ይመርጣሉ ወደተባሉት ሰዎች ነው፤ ስለ ንብረት ግብር፥ ስለ ጡረታ ይናገራል። አይመርጡም የተባሉትን በራቸውን አያንኳኳም፤ ስለ ትምህርት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ሳይናገር ያልፋል። ያልተንኳኳበትም ሰው «ማን ከቁም ነገር ቈጠረኝ» ብሎ ከቤቱ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ወንፊቱ «አላልኋችሁም?» ይላል። አይመርጡም ብሎ የገመተውን ነገር ግምቱ ራሱ አግዞ አመጣው። ይህ አዙሪት ግን የማይሰበር አይደለም። በ2014 ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት የአሜሪካ ወጣቶች ከመቶ 20 ያህል ብቻ ነበር የመረጠው፤ በ2018 ከመቶ 36 ወጣ። ባለፈው ጊዜ ባደረጉት ብቻ የሚፈርድባቸው ወንፊት እነዚህን ሁሉ እንደሌሉ ይቈጥራቸው ነበር።

የራሳችንን ወገኖችም ማንሣት ይገባናል። በቨርጂኒያ እስቴት፥ ይልቁንም በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ፥ ዜግነት ያገኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከወንዙ ማዶ በዋሺንግተን ከተማ በ2004 የወጣው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን በአማርኛም እንዲያዘጋጁ መንገድ ከፍቷል። የምርጫ ጠያቂው ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው እንግሊዝኛ፥ ሲበዛም እስፓኝኛ ነው። በመላው እስቴት 800 ሰው ሲጠየቅ፥ ከመቶው መራጭ አንዱ የእኛ ሰው ነው ብለን እንኳ ብንነሣ፥ በመጠይቁ የሚገኙት 8 ሰዎች ናቸው፤ ከስምንቱም ማታ ከሥራ የገቡት እናት ስልኩን አንሥተው በማያውቁት ቋንቋ ስለ ምርጫ ሲጠየቁ ምን እንደሚያደርጉ አንባቢ ያውቀዋል። በ2021 የቨርጂኒያ ምርጫ ጊዜ በዚያ የሚኖሩ አንዳንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበሮች ዋሺንግተን በአገራችን ጦርነት ላይ በያዘችው አቋም ተቈጥተው የፓርቲ ምርጫቸውን በአደባባይ ሲለውጡ ታይተዋል። ይህን የሚያህል ነገር ከ8 ሰው መልስ የሚያነብ መጠይቅ የለም።

እንዲህ ስንል መጠይቅ ይከልከል የሚሉትን መደገፋችን አይደለም። ፈረንሳይ በምርጫው ዋዜማና በምርጫው ዕለት አዲስ መጠይቅ እንዳይወጣ በሕግ ከልክላለች፤ ለዚያ የራስዋ ምክንያት አላት። እኛ ግን ቁጥሩ በታፈነበት ቦታ የሚነግሠው እውነት ሳይሆን ወሬ መሆኑን በየሻይ ቤቱ ስናይ ኖረናል፤ «ሁሉም ተማሪ ከእኔ ጋር ነው» የማይል ዕጩ እስካሁን አላጋጠመንም። በሚገባ የተሠራ መጠይቅ የዚህን ዓይነቱን አፍ ይዘጋል። በ2016 የተሳሳቱት የእስቴት መጠይቆች እንኳ ከተመረመሩ በኋላ፥ ትምህርት የቀሰሙ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለጠያቂ ቶሎ እንደሚመልሱና ብዙዎቹ ጠያቂዎች ይህን በሚዛናቸው እንዳላስተካከሉ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህም ብዙዎች ማስተካከል ጀመሩ። ይህ ሊታወቅ የቻለው አሠራራቸውን ጽፈው በማስቀመጣቸው ነው።

እንግዲህ ለደብዳቤ ጸሐፊዎቻችን መልሳችን ይህ ነው። ይህች መጽሔት በራስዋ ስም ማን ያሸንፋል የሚል ቁጥር አታወጣም፤ ለመኝታ ቤት ቀርቶ ለአንድ ፎቅ የሚበቃ ጠያቂ የለንም፤ በከተማ ተከራይተው የሚኖሩትንና የማታ ተማሪዎችን ደግሞ ዞረን አንደርስባቸውም፤ እነርሱም እንደማንኛችን የማኅበሩ አባሎች ናቸው። ሌላ ሰው ጠይቆ ያመጣውን ግን እናትማለን። የምናትመው ስንት ሰው በየት፥ በየትኛው ቀን እንደተጠየቀ፥ ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደነበር፥ ወረቀቱንና ድካሙን የቻለው የትኛው ዕጩ ወይም ወገን እንደሆነ ከተጻፈበት ነው። ከሁሉ በላይ «ይመርጣሉ» ተብለው የተቈጠሩት በምን ተለይተው እንደሆነ፥ «አይመርጡም» ተብለው የተጣሉትም ስንት እንደሆኑና መልሳቸው ምን እንደነበር ሁለቱም ቁጥሮች ጐን ለጐን ይቅረቡልን። ይህ የጐደለበት ወረቀት ለአምጪው ይመለሳል፤ በሩ ላይ ለጥፎት የተገኘም ቢኖር የእኛ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልን። ጽሑፎች እስከ መጪው ዓርብ ማታ ድረስ ለዝግጅት ክፍሉ ይድረሱ።