የክሮንስ ሕመም፦ መድኃኒቱና ማዕዱ በአንድ ዕቅድ

ከአትላንታ ጋር በምትዋሰነው ብሩክሄቨን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አርተር ኤም ብላንክ የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ጀምሯል። 19 ፎቆችና 446 አልጋዎች አሉት። ልጃቸው በክሮንስ ሕመም የተያዘባቸው በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች እንዲህ ካለው ተቋም ዘመናዊ መድኃኒት ማግኘት ይችላሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ዘመድ ወዳጅ ስለ ተልባና ጥቁር አዝሙድ ይመክራል። የሐኪሙና የማዕድ ቤቱ ምክር ሳይገናኝ ሲቀር የሚጎዳው ልጁ ነው።

ክሮንስ የሰውነት መከላከያ መንገድ ስቶ የምግብ መተላለፊያን፣ በተለይም የትንሹን አንጀት መጨረሻ የሚያቆስልበት፣ እየበረደ የሚያገረሽ ሕመም ነው። ቡሪል ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1932 ካስተዋወቁት ወዲህ ጨርሶ የሚያድን ሕክምና አልተገኘለትም። በልጆች ላይ ከቁርጠትና ከተቅማጥ አልፎ ዕድገትን ይገታል።

መድኃኒቱ አስፈላጊ ለመሆኑ ማስረጃው እዚያው አትላንታ ይገኛል። የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሱብራ ኩጋታሳን የመሩትና 913 ሕፃናትን የተከታተለው የ2017 ጥናት፣ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ መድኃኒቶች ቀደም ብለው ሲሰጡ አንጀትን የሚበሳውን ጉዳት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። የአንጀት መጥበብን ግን አልቀነሱም። ስለዚህ መድኃኒትን ጥሎ በምግብ ብቻ መታከም ድፍረት ነው፤ «መድኃኒቱን ከወሰደ የፈለገውን ይብላ» ማለትም ስንፍና ነው።

በአውሮፓ መመሪያዎች መሠረት ሕመሙ ለተነሣበት ልጅ ቀዳሚው ምርጫ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሌላ ምግብ ሳይቀምስ የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መጠጣት ነው። ስቴሮይድ ዕድገትን ሊገታ ሲችል ይህ ግን ዕድገትን ይደግፋል። በ2015 የወጣና በአብዛኛው የጃፓን ሕሙማንን የሚመለከት የጥናቶች ቅንብር ደግሞ ኢንፍሊክሲማብን ከፈሳሽ ምግብ ጋር ከወሰዱት 69 በመቶው እፎይታ ሲያገኙ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ያገኙት 45 በመቶው መሆናቸውን ዘግቧል። ሕሙማኑ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ቁጥሩ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሆኖም ሁለቱን ማጣመር ሊታለፍ እንደማይገባ ለማሳየት በቂ ነው።

ፈሳሽ ብቻ መጠጣት ለልጅ ከባድ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ከፊል ፈሳሽ ምግብን ከዶሮ፣ ከእንቁላል፣ ከድንችና ከሩዝ ጋር አዋሕዶ ጥሩ ውጤት አግኝቷል፤ ስንዴ፣ ወተትና የፋብሪካ ምግብ ተከልክለዋል። የኢትዮጵያውያን ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በውጭ አገር የሚሸጥ እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል። ደግሞም ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ብቻ የክሮንስ መድኃኒት አይሆንም። አንጀቱ ለጠበበ ልጅ ቆሎ መዘጋት ሊያስከትልበት ይችላል። ዶሮና እንቁላል ከጾም ጋር ሲጋጩ ወላጆች ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ሊመክሩ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም።

ስለዚህ የሥነ ምግብ ባለሙያው ሽሮን፣ በርበሬንና የጾም ወራትን ሳይጠይቅ የሚያዘጋጀው ዝርዝር ጎዶሎ ነው። ወላጆችም ቤት ውስጥ የሚሰጠውን ተልባ ሊደብቁት አይገባም። እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያለ መድኃኒት ተኝቶ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ ምርመራ ይደረጋል፤ በዚያን ጊዜ ልጁ የት እንደተወለደና ቤተሰቡ ውስጥ በነቀርሳ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩን መናገር ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋ ደግሞ መድኃኒቱ እስካለ ድረስ ከልጁ ሰሐን ይራቅ።