ጆሮ ሞልቶ እጅ ሲጠፋ

ለመሆኑ መንግሥት የዜጋውን ስልክ ስለሰማ ዜጋው ከጥቃት ይድናልን? የጌዴኦ ዞን መከራ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በዲላና በይርጋ ጨፌ ሰው ተገደለ፤ ቤትና ሱቅ ነደደ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በዞኑ የሞቱትን 34 ብሎ ቆጥሯል።

ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ መንግሥት የመስማት ሥልጣን አላነሰውም። የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ለጠለፋ ሰፊ በር ከፍቶ ነበር፤ ቴሌም በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር። ጆሮ ሞልቶ ነበር። የጎደለው በሰዓቱ የሚደርስ እጅ ነው።

መስከረም 28 ቀን፣ ከኦሮሚያና ከአማራ ክልሎች ተቃውሞም ጋር ተያይዞ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ኮማንድ ፖስቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መፈተሽ ቻለ፤ የትኛው ቴሌቪዥን እንደሚታይ ሳይቀር ወሰነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በአሥር ወራት በመላ አገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ፤ እጅግ የሚበዛው «የተሃድሶ ሥልጠና» ወስዶ ተለቀቀ።

እንግዲህ እንመርምር። የታሰረው ሰው ቤት ያቃጠለ ከሆነ ሥልጠና ቅጣት አይሆነውም፤ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ መታሰሩ ራሱ በደል ነው። በጅምላ ማፈስ ንጹሑን በሌላው ዳፋ ይቀጣል፤ ሱቁ የነደደበትንም ፍትሕ ይነፍጋል።

«መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይመልከት ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይመልከት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 93 ለክፉ ቀን ሥልጣን ሰጥቶታል። ችግሩ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት (አንቀጽ 19) እና የግል ሕይወት ነጻነት (አንቀጽ 26) በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩት መብቶች ዝርዝር ውስጥ አለመግባታቸው ነው።

አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. ተሽሯል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን በ2010፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ተመላልሷል። ስለዚህ ቢያንስ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት በማናቸውም አዋጅ እንዳይታገድ ሊደነገግ ይገባል። ጠለፋም የዳኛ ፊርማ ይኑረው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ነገርን በአደባባይ ማየት የቆየ ልማዳቸው ነው። መንግሥትም ከዚያ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባውም።

ቸር ያሰማን።